ለተኪሮስና የሠርጉ ሥዕል

ለተኪሮስን አልወዳትም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ወዳጇ መስዬ እንዳልገኝ። አፏ ምላጭ ነው። ሰላም ሲሏት "ምን ፈልገሽ ነው?" የምትል ሴት ናት። አንድ ፋሲካ የደፋሁትን ዳቦ በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ "ይሄስ ለመሠረት ድንጋይ ይሆናል" ብላኛለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔም ብሆን ማር አይደለሁም። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ሆኜ ስድስት ዓመት ሳገለግል የሚጠሉኝን ሰዎች ስም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እሷ ከላይ ሁለተኛ ነበረች።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሕንፃ የገዛንበትን ሦስተኛ ዓመት ለማክበር መጽሔት ይታተም ተባለ። ሊቀ መንበራችን አቶ ኃይሉ ጠራኝና፣ "አስካለማርያም፣ የአባባ ዘርእማርያምን የሕይወት ታሪክ አንቺ ጻፊልን። ለወጣቱ ምሳሌ የሚሆኑ ሰው ናቸው" አለኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። የሳቸውን ልጽፍ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የምትመጣብኝ እሷ ናት፣ ግንባሯን ቋጥራ። ስለዚህ ይህ የለተኪሮስ ታሪክ ነው። ኃይሉ ያትመው አያትመው፣ እንደ ፍጥርጥሩ።

ለተኪሮስ የተወለደችው አሥመራ ነው። ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ነው፣ ያኔ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ነበርና። አማርኛዋ ከእኛ ከአዲስ አበቦቹ ይልቅ የጠራ ነው፤ ስትቆጣ ደግሞ ይብስ ይጠራል። በሰማንያ ሦስት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ሳለ ከአባቷ ጋር በእግሯ ሱዳን ገባች። አባቷ እዚያው ድንበሩ ላይ፣ ከሰላ ከተማ በወባ ሞቱ። በዓመቱ ኋላ አባባ ካልናቸው ከአቶ ዘርእማርያም፣ የአባቷ ጓደኛ ከነበሩ የአርባ ሁለት ዓመት መካኒክ ጋር፣ በአንድ ወረቀት ባልና ሚስት ተብለው ሚኒሶታ ወረዱ።

ሮዝቪል ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ኖሩ። እሳቸው ጋራዥ ሠርተው ጡረታ ወጡ። እሷ እዚያው ሮዝቪል ሆቴል ውስጥ ሠላሳ ዓመት አልጋ አነጠፈች፤ ጉልበቷን የጨረሰችው እዚያ ነው፣ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለች። ልጅ የላቸውም። በዚህ ነገር እኛ ሴቶቹ ያላልነው የለም። አንዷ እሷ ናት መካኗ አለች፣ ሌላዋ የለም እሳቸው ናቸው አለች። እኔ ደግሞ ከዚያች ምላስ ጋር ማን አድሮ ልጅ ይወልዳል ብያለሁ። ብያለሁ፣ አልክድም።

ባሏን "አያ" ነበር የምትላቸው። በትግርኛ ለታላቅ ወንድም የሚባል ነው። አንቱ እያለች ነው የምታነጋግራቸው፤ ካፖርታቸውን ትይዛለች፣ ወንበር ታቀርባለች፣ ከዚያ ሦስት ወንበር ርቃ ትቀመጣለች። እኛ የድሮ ሰው ጨዋነት መስሎን ለሴት ልጆቻችን "እይዋት፣ ምላሷ ቢከፋም ባሏን እንዴት እንደምታከብር" እንል ነበር። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይስቁብን ነበር።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልምጣ።

ሕንፃውን የገዛነው ኮሎምቢያ ሃይትስ ከነበሩ ካቶሊኮች ነው። ምእመናኑ አርጅተው አርጅተው ሲያልቁ ሸጡልን። ደወሉን ወሰዱ፣ መቅረዙን ወሰዱ፣ አንድ ሥዕል ግን ግድግዳው ላይ ትተውልን ሄዱ። ቁመቱ ሁለት ሰው ያህላል፣ በዘይት ቀለም የተሣለ ነው። ያስረከበችን ሴትዮ በባሮክ ዘመን፣ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ጣሊያን አገር ከተሣለ ሥዕል የተቀዳ ነው ብላናለች። ከተሰቀለ በኋላ በሩ በጥገና ጠብቧል፤ ሳይቆረጥ አይወጣም።

የእኛ ሥዕል ደማቅ ነው፤ ቅዱሱ ፊት ለፊት ዓይንህን እያየ ይቆማል። ይሄኛው ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ በግራ በኩል ብርሃን ይገባና ሦስት ሰዎች ላይ ያርፋል። መሀል ላይ ወርቀ ዘቦ የደረበ ካህን አለ። በአንድ ወገን ጺሙ የሸበተ ሰው፣ በትሩ ጫፍ ላይ አበባ ያበበ፣ ቀለበት ይዞ እጁን ዘርግቷል። በሌላው ወገን ልጅ እግር ሴት አንገቷን ደፍታ ጣቷን ሰጥታለች። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ጎረምሳ በትሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እየሰበረ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ንዴት የእውነት ንዴት ነው፤ ያየ ሁሉ ዓይኑ እሱ ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ማንም አልጠየቀም። የሆነ ቅዱስ ባልና ሚስት ተክሊል ሲደርሱ መስሎን "ለሙሽራ ደስ ይላል" አልን። አንድ ዓመት ሙሉ ሙሽሮቻችን እሥሩ ቆመው ፎቶ ተነሡ። የሙሊሳና የአያንቱ ሠርግ ፎቶ ከነሥዕሉ ሳሎናቸው ውስጥ በትልቁ ተሰቅሏል። የሙሊሳ እናት ያን ጊዜ ለሥዕሉ ሻማ ሁሉ አብርታለች።

ጉዱን ያወጣችው ለተኪሮስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑን የምታጸዳው እሷ ነበረች፣ ማንም ሳያዛት። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት መስከረም ላይ ሥዕሉ ግርጌ የተመታውን፣ የሻማ ጥቀርሻ ያጠቆረውን የነሐስ ሰሌዳ በጨውና በኮምጣጤ ስትፈትግ ፊደል ወጣ። እኔ ጓዳ ቃለ ጉባኤ እየገለበጥኩ ነበር። "አስካለማርያም፣ ነይ አንብቢው። ዓይኔ ዋሽቶኝ እንደሆነ" አለችኝ። አነበብኩት። የድንግል ማርያም ጋብቻ ይላል።

ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁት፤ በትሩ ያበበለት ሽማግሌ ዮሴፍ ነው፣ በትሩን የሚሰብረው ጎረምሳ በትሩ ሳያብብለት የቀረው ጠያቂ ነው። እመቤታችን ዘላለማዊት ድንግል ናት። አረጋዊው ዮሴፍ የታጨላት ሊጠብቃት ነው፣ ሊያገለግላት ነው እንጂ እንደ ሰው ሊያገባት አይደለም። ይህን አራት ዓመት የሆነው የሰንበት ተማሪ ያውቀዋል። እኛ ግን የጋብቻዋን ሥዕል ግድግዳችን ላይ ሰቅለን፣ ሻማ አብርተን፣ ሙሽሮቻችንን ደርድረንበታል። የሙሊሳ እናት ስትሰማ ታመመች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተኪሮስ እሳት ለበሰች። ይውረድ አለች። በየስብሰባው ተነሥታ ይውረድ፣ ካልወጣ ተቆርጦ ይውጣ አለች። ወጣቶቹ ቅርስ ነው፣ ሙዚየም ቢያየው ይፈልገዋል አሉ። አዛውንቱ ግማሾቹ ይውረድ፣ ግማሾቹ እስኪ ሊቃውንት ይጠየቁ አሉ። ቄሳችን ቀሲስ ክፍሌ ሰላም ወዳድ ሰው ናቸውና መፍትሔ አመጡ፤ መጋረጃ ይጋረድበት። ሥዕል በመጋረጃ መሸፈን የኛው ወግ ነው፣ ማንም አይቃወምም። ለተኪሮስ ሆቴሏ ከጣለው መጋረጃ ሰፍታ አመጣችና ዘጋችበት።

በሚቀጥለው እሑድ ተከፍቶ አገኘነው። ዘጋችው። በሚቀጥለውም ተከፍቷል። ማን ነው ስንል፣ አባባ ዘርእማርያም ናቸው። በስብሰባ ላይ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁት ሰው ከቅዳሴ በፊት ማልደው መጥተው መጋረጃውን ይገልጡና ከሥዕሉ ፊት ለፊት ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። እሷ ከሴቶቹ ወገን ተነሥታ ትመጣና ትዘጋዋለች። አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። እሳቸው እንደገና ይከፍታሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ይህን ስናይ ኖርን፤ መጋረጃው ቀለበቱ ተበላ። እኔ በሆዴ፣ ይህችስ የሃይማኖት ቅናት ያላት ሴት ናት አልኩ። ባልወዳትም እውነቷን ነው አልኩ። ምን አውቄ።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ታኅሣሥ ላይ በረዶ እየጣለ መኪናዋ አልነሣ አለና እኔ ወደ ሮዝቪል ሸኘኋት። ሀይዌይ ላይ ወጥተን፣ ዋይፐሩ እየተንቋቋ፣ ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች።

"ይሄን ፎርም አንብቢልኝ። እንግሊዝኛው የሕግ ነው።"

"ምንድን ነው?"

"ዲቮርስ።"

መሪውን ልስት ነበር። "ለማን?" አልኩ።

"ለሰማይ ነዋ! ለእኔና ለሳቸው።"

"ለተኪሮስ፣ ሰባ ስድስት ዓመታቸው እኮ ነው!"

"ድራይቭ አድርጊ አንቺ፣ መንገዱን እዪ።"

ከዚያ ነገረችኝ። እየተቆጣች ነው የነገረችኝ፣ በደሉን የሠራሁት እኔ የሆንኩ ይመስል። አባቷ ሊሞቱ ሲሉ ለዘርእማርያም አደራ ሰጧቸው፤ ጨዋ ባል እስክታገኝ ልጄን ጠብቅልኝ አሏቸው። ከሱዳን ለመውጣት በወረቀት ሚስት አደረጓት። አንድም ቀን አልነኳትም። አንደኛው መኝታ ቤት የሳቸው፣ ሁለተኛው የሷ ነው። እሷ ዛሬ ነገ ይለቁኛል ስትል፣ እሳቸው አደራ አለብኝ ሲሉ፣ ሃያዎቹ አለፉ፣ ሠላሳዎቹም አለፉ።

"ለትዳር አንድም ሰው አልጠየቀኝም ብዬ ነበር የማስበው" አለች። "አስቀያሚ ነኝ፣ ምላሴ ነው ብዬ። ባለፈው ዓመት ልቅሶ ቤት ከኣንዶም ሚስት ጋር ሽንኩርት እንልጣለን። ባስ የሚነዳውን ኣንዶምን ታውቂው የለ? ከሰላ ካምፕ ከኛ ጋር ነበር፣ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ሚስቱ እየሳቀች 'ባለቤቴ እኮ መጀመሪያ አንቺን ነበር የፈለገው' አለችኝ። በዘጠና ሁለት፣ ሁለት ሽማግሌ ወደ ቤታችን ልኳል። እኔ ሺፍት ላይ ነበርኩ። አያ ተቀብለው አስተናግደው፣ 'ሚስቴ ናት፣ እንዴት ደፈራችሁ' ብለው መለሷቸው። ለኔ እስከዛሬ ትንፍሽ አላሉም።"

"ከዚያስ ምን አልሻት?"

"ሽንኩርቴን ላጥኩ። ሽንኩርት ደግ ነው፣ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።"

ፎርሙን ሳይን ያድርጉልኝ ብላ ለምናቸዋለች። ኮርት ያለፊርማቸውም ይፈታታል፤ ግን ከሳ ወጣች፣ ሽማግሌ ጥላ ሄደች እንዳትባል በፈቃዳቸው እንዲለቋት ነው የፈለገችው። እምቢ አሉ። አባትሽ በሰማይ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ አሏት። "እሑድ እሑድ ያን ሥዕል አይተው ይመጣሉ" አለችኝ። "ዮሴፍን ሳይሆን ራሳቸውን ነው የሚያዩት። ቤት ገብተው ቅዱስ ሆነው ይቀመጣሉ። ያ ሥዕል እዚያ እስካለ ድረስ አይፈርሙም። ገባሽ?"

ገብቶኛል። ታዲያ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ። "በሃምሳ ሦስት ዓመትሽ አሁን ምን ያደርግልሻል? ቻይው እንጂ" አልኳት። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር። በሩን ከፍታ ወረደች። በዚያ በረዶ፣ በዚያ ጉልበት፣ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች፤ ዞራም አላየችኝ።

የመጨረሻው ስብሰባ በጥር፣ ከቃና ዘገሊላ በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተጠራ። ሥዕሉ ተቆርጦ ይውጣ ወይስ ይቆይ፣ በድምፅ ብልጫ ይወሰን ተባለ። አዳራሹ ሞልቷል። እኔ እንደ ልማዴ ደብተሬን ይዤ ከኃይሉ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ይውረድ የሚለው ወገን እንደሚያሸንፍ በግልጽ ይታይ ነበር፤ የሙሊሳ እናት ብቻዋን ዐሥር ሰው ቀስቅሳለች። ለተኪሮስ ፊት ወንበር ላይ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች። እንደዚያ ቀን ፊቷ ፈታ ብሎ አይቼው አላውቅም።

አባባ ዘርእማርያም እጃቸውን አነሡ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ የሰማ አልነበረማ።

"ይህን ሥዕል ይውረድ የምትሉ፣ ውስጡ ያለውን ሽማግሌ አታውቁትም" አሉ። "እኔ አውቀዋለሁ። ከሰላ ላይ አንድ አባት ሊሞት ሲል ልጄን አደራ አለኝ። መውጫው ወረቀት ብቻ ነበር፤ በወረቀት ሚስቴ ናት አልኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖርን። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እጇን ይዤ አላውቅም። ለተኪሮስ ሚስቴ ሆና አታውቅም። እንደ አረጋዊው ዮሴፍ ጠብቄ አኖርኳት። ያ ሥዕል የሠርግ አይደለም፣ የአደራ ነው።"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ኃይሉ፣ የኮሚቴው ቁጡ ሰው ኃይሉ፣ እንባው እየወረደ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። የሙሊሳ እናት "የዘመናችን ቅዱስ!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ወደ ለተኪሮስ ዞረው "ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ ጠባቂ!" ይሏታል። እሷ ግን ተነሥታ ቆማ ነበር።

"ለኣንዶም ሽማግሌዎች ምን አሏቸው?" አለች። ማንም አልሰማትም። ደገመችው። "አያ! በዘጠና ሁለት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ቤት መጡ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ምን አሏቸው?"

"ለተኪሮስ፣ ይህ ቦታው አይደለም።"

"ሚስቴ ናት አሏቸው። ዛሬ ደግሞ ሚስቴ ሆና አታውቅም ይላሉ። ሲጠይቁኝ ሚስት፣ ሲያጨበጭቡልዎ አደራ። የቱን ልመን?"

"ላንቺ የሚሆን ሰው አልነበረም። በትግሉ ጊዜ የኛን ወገን የወጋ የዚያኛው ግንባር ሰው ነበር። አባትሽ ጨዋ ባል ነው ያለኝ።"

"እኔን ጠየቅከኝ?"

ሠላሳ አምስት ዓመት አንቱ ያለቻቸውን ሰው አንተ ስትል ያኔ ሁሉም ሰማት። ጣቷን ወደ ሥዕሉ ቀሰረች። "መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት መልሷን ሳይሰማ አልሄደም። እንደ ቃልህ ይሁንልኝ እስክትል ድረስ ቆሟል። የእግዚአብሔር መልአክ! አንተ ማን ሆነህ ነው ሳትጠይቀኝ የመለስክልኝ?"

የመለሰላት ኃይሉ ነው። "እህታችን፣ በስሜት ነው የምትናገሪው። አባታችንን በአደባባይ አታዋርጂ። ተቀመጪ" አላት። አንዷ ነጠላዋን ይዛ ጎተተቻት። ድምፅ ተሰጠ፤ ሥዕሉ ይቆይ የሚለው በትልቅ ብልጫ አለፈ። ለተኪሮስ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ያን ጊዜ የሳቸውን ካፖርት አልያዘችም።

ኃይሉ በዚያ ሙቀት ላይ ሳለ፣ "ይህ የአባታችን ቃል ለታሪክ ይቀመጥ። አስካለማርያም፣ ቃል በቃል ጻፊው፤ ይፈርሙበት፣ ማኅተም ይረፍበት" አለ። ቃል በቃል ጻፍኩ። አነበብኩላቸው። ሚስቴ ሆና አታውቅም የሚለው ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መነጽራቸውን አድርገው በኩራት ፈረሙ። ከሥሩ፣ "ወይዘሮ ለተኪሮስም አስተያየት ሰጥተዋል" ብዬ ደብተሩን ዘጋሁ። አንድ መስመር። የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም።

በሳምንቱ እሥራዬ ድረስ መጣች፤ ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ ነው የምሠራው። እረፍት ሰዓቴን ጠብቃ ፓርኪንጉ ላይ ያዘችኝ። "የቃለ ጉባኤውን ኮፒ ስጪኝ፣ ማኅተም ያለበትን" አለች። አባል ናትና መብቷ ነው። ደብተሩም ኮፒውም መኪናዬ ውስጥ ነበሩ፤ ኮፒውን አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

"የሱ አንድ ገጽ ሙሉ" አለች። "የኔ 'አስተያየት'።"

"ለተኪሮስ..."

"ብዕር አለሽ?"

ሰጠኋት። እሷ ግን መልሳ ዘረጋችልኝ። "አንቺ ጻፊው። በእጅሽ ያጠፋሽውን በእጅሽ።" የመኪናዬ ኮፈን ላይ ደብተሩን ዘርግቼ፣ ዋናው ላይም ኮፒው ላይም በኅዳጉ ጻፍኩ፤ ስለ ሽማግሌዎቹ ያለችውን፣ ስለ መልአኩ ያለችውን፣ እኔን ጠየቅከኝ ያለችውን። ጸሐፊ ብዬም ፈረምኩበት። ኃይሉ ኋላ ሲያይ ደብተሩን ሊቀማኝ ደርሶ ነበር። ገጹን ቅደጂው አለኝ፤ ማኅተም ያረፈበት ገጽ አይቀደድም አልኩት።

በዚያው እሑድ ማልዳ ገባች። እሳቸው መጋረጃውን ገልጠው እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። እኔ በጓዳው በር ሆኜ አያለሁ። ፎርሙንና ቃለ ጉባኤውን ጎን ለጎን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች።

"ይሄ ፊርማህ ነው?"

"ነው።"

"ሚስትህ ሆኜ የማላውቅ ከሆነ፣ ይሄኛውን መፈረም ምን ይጎዳሃል? ወይ ይሄን ፈርም፣ ወይ ያኛውን ዛሬ ሰው ፊት ውሸቴን ነው በል።"

ወደ ሥዕሉ አዩ። ሽማግሌው ቀለበቱን እንደያዘ ነው፣ ጎረምሳው በትሩን እንደሰበረ ነው። ከዚያ ዞረው ያዩት እሷን አይደለም፣ እኔን ነው። "ሰው ምን ይለኛል?" አሉኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ከጠበቋት ሰው አፍ የወጣው ይኸው ነው። ያኔ ነው የሳቸውን የሕይወት ታሪክ መጻፍ እንደማልችል የገባኝ፤ ተናደድኩ፣ በራሴም ጭምር። ብዕሩን ወስጄ እጃቸው ላይ አኖርኩት። ፈረሙ።

ሥዕሉ ዛሬም አለ። መጋረጃውን የሚዘጋ የለም፣ አባባ ዘርእማርያም ፊቱ ተቀምጠው ያስቀድሳሉ፣ ሰው እጃቸውን ይሳለማል። ካፖርታቸውን የሚይዝላቸው ሰው በየተራ ተመድቧል። ለተኪሮስ ወደኛ መምጣት ትታለች፤ ነገሩ ሲበርድ ትመለሳለች የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አይመስለኝም።

መጋቢት ላይ አፓርትመንት ፍለጋ ብሩክሊን ፓርክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝ፤ መንገድ ላይ ስለ አነዳዴ ስትሰድበኝ ደረስን። የሕንፃው ማኔጀር ከሚሪያ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ናት፣ ትሑት። ፎርሙን አስሞላቻት። ያገባ፣ ያላገባ፣ የተፋታ የሚለው ጋ ለተኪሮስ ትንሽ ቆማ አንዱ ላይ ምልክት አደረገች፤ የቱ ላይ እንደሆነ በእጇ ሸፍናው አላየሁም።

"እማማ፣ ሁለት ባዶ ቤት አለ" አለች ከሚሪያ። "አንዱ መሬት ላይ ነው፣ አንዱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ኤሌቬተር የለውም። የቱን ይፈልጋሉ?"

ለተኪሮስ ወደ ደረጃው ቀና ብላ አየች፣ ወደ ታችኛው በር አየች። ስትዘገይብኝ ጨነቀኝ። "የታችኛው ይሻላታል፣ ጉልበቷን ያማታል" አልኩ።

ዞረች። ያ የማውቀው ፊቷ ተመልሶ መጣ፣ ግንባሯ ተቋጠረ።

"የጠየቀችው እኔን ነው" አለችኝ።

ሦስተኛውን ፎቅ ወሰደች። ዕቃዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ከኋላዬ ግድግዳውን ይዛ በየደረጃው እየቆመች፣ ቀስ በይ እያለች፣ እየሰደበችኝ።